ከቀጠሮው በፊት ወረቀቱ ይድረስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ በአይቪኤፍ፣ ማለትም ከማህፀን ውጭ በላብራቶሪ በማስፀነስ፣ የተገኘ ጽንስ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት የሚደረግለትን የዘረመል ምርመራ። ሐኪሞቹ በአጭሩ ፒጂቲ ይሉታል። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ጉዳይ ዝርዝር ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሳለን ሁለተኛዋ ልጃችን ኤስኤምኤ በሚባል የጡንቻ መዛል በሽታ በዘጠኝ ወሯ አረፈች። አሁን የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለን፣ ጤነኛ ነው። ሌላ ልጅ እንፈልጋለን፤ ያንን መከራ ግን ዳግም አንችለውም። በሚመጣው ወር ከዘረመል አማካሪ ጋር የመጀመሪያ ቀጠሮ አለን። ምን ይዘን እንሂድ? ባለቤቴ «ስንሄድ ይነግሩናል» ይላል።
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ ሕክምናው ባለቤትዎ እንዳሉት ስትሄዱ ይነገራችኋል። ስለ ልጃችሁ ግን ነጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ ያውም በወረቀት። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚመረመር ጽንስ የለም። የሚታየው ምርመራው ለእናንተ ሊሠራ መቻል አለመቻሉ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው የልጅቷ የላብራቶሪ ውጤት ነው። «ኤስኤምኤ ነው ተብለናል» ብቻ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ሰዓቱ አልቆ «ወረቀቱን ስታገኙ ተመለሱ» ተብሎ ይወጣል።

ወረቀቱ ላይ የሚፈለገው አንድ መስመር ነው። ለዚህ በሽታ ምክንያት የሚሆነው ጂን ኤስኤምኤን1 ይባላል፤ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ኤክሶን 7 የተባለው ክፍሉ ከእናትም ከአባትም በኩል ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ የልጅቷ ውጤት «ኤስኤምኤን1፣ ኤክሶን 7፣ 0 ቅጂ» የሚል ከሆነ መነሻው ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ እናንተ ሁለታችሁ ትመረመራላችሁ፤ የሚጠበቀው በእያንዳንዳችሁ 1 ቅጂ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ከሁለት አንዳችሁ 2 ቅጂ ሲገኝባችሁ ነው። 2 ሲባል ሰው «እኔ ነጻ ነኝ» ብሎ ይደሰታል። ሁለቱም ቅጂዎች ግን በአንደኛው ክሮሞዞም (ጂኖችን በያዘው ክር) ላይ ተደርበው ሌላኛው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ቁጥሩ ጤነኛ ይምሰል እንጂ ተሸካሚ ነው፤ እሱ ሳይታመም ጉድለቱን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። ወይም ጉድለቱ በልጅቷ ላይ አዲስ የተፈጠረ ይሆናል፤ ይህ ከ100 ሕሙማን በ2ቱ ገደማ ላይ ያጋጥማል። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ምርመራውን ማዘጋጀት አይቻልም፤ አንዳንዴ አያቶችን መመርመር ግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ የሚሰጥ ናሙና ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ላብራቶሪ ተልኮ ነው የሚመረመረው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ የምትጠይቁት የሐኪሙን ማጠቃለያ ደብዳቤ ሳይሆን የመርማሪው ላብራቶሪ ስም እና የናሙና ቁጥር ያለበትን ዋናውን ውጤት ነው። ወንድም ወይም እህት ሄዶ በስልክ ፎቶ የሚያነሳላችሁ ከሆነ ሁሉንም ገጽ ያንሳ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የመጨረሻው ገጽ ምርመራው በምን ዘዴ እንደተሠራ ስለሚናገር ለአማካሪው ከፊተኛው እኩል ይጠቅመዋል። በዚያው ለላብራቶሪው «የልጃችን ዲኤንኤ ተቀምጧል ወይ?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረች አንዲት ጠብታ የወራት ሥራ ልታቃልል ትችላለች።

ናሙናው ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለግ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ። ጽንሱ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከ100 እስከ 200 ሕዋስ ይኖረዋል። ባለሙያው በጨረር ቀዳዳ ከፍቶ ወደፊት እንግዴ ልጅ ከሚሆነው ከውጭኛው ክፍል 5 ገደማ ሕዋሶችን ይወስዳል፤ ልጁ ራሱ የሚሆነው የውስጠኛው ክፍል አይነካም። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ 6 ፒኮግራም ያህል ነው፤ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ ነው። ይህችን ለመመርመር ማባዛት ያስፈልጋል። ሲባዛ ታዲያ ከእናት ወይም ከአባት የመጣው ቅጂ ሳይባዛ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ጤነኛው ጽንስ ታማሚ፣ ታማሚው ጤነኛ መስሎ ሊታይ ነው። ላብራቶሪው ከዚህ ስህተት የሚያመልጠው ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን በጂኑ ግራና ቀኝ ያሉ ብዙ ምልክቶችንም አብሮ በማንበብ ነው። የትኞቹ ምልክቶች ከታመመው ቅጂ ጋር አብረው እንደሚሄዱ የሚታወቀው ደግሞ ከቤተሰብ ናሙና ነው፦ ከታመመው ልጅ፣ ካልሆነም ከአያቶች። የወንድ ልጃችሁም ናሙና ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የጤነኛ ሕፃንን ተሸካሚነት መመርመር እሱ ራሱ አድጎ እስኪወስን ቢቆይ ይመረጣልና አማካሪው በጥንቃቄ ነው የሚያነሳው።

አያቶቹ አገር ቤት ከሆኑ ምራቅ ይበቃል። ማጠራቀሚያዋ ቱቦ ፈሳሽ አብሯት ስለሚመጣ ናሙናው በቤት ሙቀት አይበላሽም። ምራቁ ከመሰጠቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ አይቻልም። ለአያቶች የምትነግሩት በዚህ ቃል ይሁን፦ «ከቡና በፊት፣ አቦሉ ሳይቀመስ»። ናሙናው ሳይሠራ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ቱቦዋ ላይ ካለው መስመር በታች ስለተሞላ ነው፤ አረፋ አይቆጠርም። ላኪ ድርጅት ጋ ከመሄዳቸው በፊትም የናሙናውን ምንነት የሚገልጽ ደብዳቤ ከላብራቶሪው ይምጣላቸው።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ይህ ምርመራ ዝምድናንም ያሳያል። በቤተሰቡ ውስጥ «አባቱ ሌላ ነው» የሚባል የተቀበረ ነገር ካለ የአያት ናሙና ከመላኩ በፊት ለአማካሪው ለብቻው መንገር ይሻላል። አማካሪው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ነገሩን አስቀድሞ ካወቀ ሌላ ናሙና ይመርጣል።

የቤተሰብ ሐረግም ትጠየቃላችሁ፤ ሦስት ትውልድ። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሕዝብ ሦስት ቀላል ይመስላል። ችግሩ የእኛ ቆጠራ ለጋብቻ እንጂ ለበሽታ አለመሆኑ ነው። በሕፃንነታቸው የሞቱት እና የጨነገፉት አይቆጠሩም። ስለዚህ አክስቶችን ስትጠይቁ «በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ ወይ?» አትበሉ፤ መልሱ «ኧረ በኛ ዘር!» ብቻ ነው። «ሕፃን ሆኖ የሞተ ነበር? በስንት ወሩ? አንገቱ ጸንቶለት ነበር? ይቀመጥ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤትዎና እርስዎ ዝምድና እንዳላችሁም ትጠየቃላችሁ፤ ጥያቄው ለሁሉም ስለሚቀርብ አትቀየሙ።

ከስምና ከቀን የሚመጣውን ጣጣ ደግሞ ቤታችሁ ጨርሱት። የልጅቷ ሁለተኛ ስም የአባቷ፣ የአባቷ ሁለተኛ ስም የአያቷ፣ የእርስዎ ደግሞ የእርስዎ አባት ነው። በአሜሪካ መዝገብ ሦስት ሰው ሦስት የቤተሰብ ስም ይዞ ሲቀርብ ናሙናዎቹ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው ለማሽኑ አይታየውም። የልጅቷ የትውልድ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይፋለሳል። በአንድ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እና ዝምድናውን ጽፋችሁ ያዙ። የእርስዎ ዕድሜ በሰነዱ ላይ ከእውነተኛው የሚለይ ከሆነ ትክክለኛውን ለሐኪሙ ይንገሩት። የስኬት ግምቱም የመድኃኒቱ መጠንም የሚሰላው በእሱ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ወደ ሕክምናው ስትገቡ ትሪገር የምትባል የመጨረሻ መርፌ አለች፤ እንቁላል ከመወሰዱ ከ34 እስከ 36 ሰዓት አስቀድማ በደቂቃ የምትወጋ። ክሊኒኩ «10፡30 ፒኤም» ሲል በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ነው። ማስታወሻውን በሐበሻ ሰዓት የሚይዝ ሰው ቤት ውስጥ ካለ የስድስት ሰዓት ስህተት ሙሉውን ዙር ሊያበላሽ ይችላል። ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 12 እንቁላል ቢወሰድ የበሰሉት 9 ገደማ ይሆናሉ፤ የሚፀነሱት 6 ወይም 7፤ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቀን ላይ ደርሰው ናሙና የሚወሰድላቸው 3 ያህል። ሁለታችሁም ተሸካሚ ከሆናችሁ ከአራት ጽንስ አንዱ ታማሚ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ ፍጹም ነጻ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከ3ቱ 2 የሚተርፉ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕድል ነው፣ ሦስቱም ምርመራውን ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሦስቱም የመውደቃቸው ዕድል ከ64 አንድ ነው። ተሸካሚው ጽንስ እንደ እናንተ ጤነኛ ሰው ይሆናል። ከፎርሙ ላይ «ተሸካሚ» የሚለውን እንደ በሽታ አይታችሁ እንዳታስወግዱት፤ ያለ በቂ ምክንያት ሁለት ሦስተኛውን ጤነኛ ጽንስ መጣል ይሆናል። በታማሚዎቹ ላይ ምን እንደሚደረግም ከመጀመሪያው ትጠየቃላችሁ። የንስሐ አባታችሁን ማማከር የምትፈልጉ ከሆነ ጊዜው አሁን እንጂ ብዕር ከጨበጣችሁ በኋላ አይደለም።

ኢንሹራንስን በተመለከተ ሜሪላንድ አይቪኤፍን እንዲሸፍኑ ኩባንያዎችን ከሚያስገድዱ ግዛቶች አንዷ ናት፤ ኩባንያው ሽፋኑን በአንድ ልጅ በሦስት ሙከራ እና በዕድሜ ልክ በ100,000 ዶላር ሊገድበው ይችላል። ሁለት ቀዳዳ ግን አለ። አንደኛ፣ ሕጉ የተጻፈው መውለድ ላልቻለ ሰው ሲሆን እናንተ ደግሞ ወልዳችኋል። ሁለተኛ፣ አሠሪው ራሱ ከኪሱ የሚከፍልበት ፕላን በግዛቱ ሕግ አይታሰርም። ደውላችሁ «ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ነው?» እና «ለዘር በሽታ ሲባል የሚደረግ አይቪኤፍና ፒጂቲ-ኤም (ለአንድ ጂን በሽታ የሚደረገው ፒጂቲ) ይሸፈናል?» ብላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፤ የመለሰላችሁን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር መዝግቡ። ክሊኒኩን ደግሞ ዋጋው ናሙና መውሰዱን፣ ማቀዝቀዙን፣ የዓመት ማስቀመጫውን እና ጽንሱን መመለሱን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ዋጋ ከእነዚህ አንዱንም አይጨምርም።

አስተርጓሚ ከክሊኒኩ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአጎት ልጅ ይዞ መሄድ ደግ አይደለም። «ዘር» የሚለው ቃል ጎሳ፣ ፍሬ እና ጂን በሚሆንበት ቋንቋ አስተርጓሚው ሙያውን ካላወቀ ተሸካሚ «በሽተኛ» ሆኖ ይተረጎማል።

ከቀጠሮው ስትወጡ ሦስት መልስ በእጃችሁ ይኑር። አንደኛ፣ ለቤተሰባችሁ የሚዘጋጀው ምርመራ ስንት ጊዜ ይወስዳል? ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው፤ ይህ ሳያልቅ የሆርሞን መርፌ አይጀመርም። ሁለተኛ፣ ከናሙናዎቹ ስንቱ «ውጤት አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ ያ ሲሆንስ ዳግም ናሙና ይወሰዳል ወይስ ይቀራል? ሦስተኛ፣ እርግዝናው ሲመጣ ማረጋገጫው መቼ ነው? የእንግዴ ልጅ ናሙና ከ11ኛው ሳምንት በኋላ፣ የሽርት ውሃ ደግሞ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ይወሰዳል። ፒጂቲ ስጋቱን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ ዜሮ አያደርገውም፤ ሐኪሙ ማረጋገጫ ማቅረቡ ሥራውን ስለተጠራጠረ አይደለም።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፣ ሦስት ጊዜ አስወርዶኛል። አዲስ አበባ አይቪኤፍ ልጀምር ስል ጽንሶቹን ሁሉ አስመርምሪ፣ ናሙናው ውጭ ይላካል ተባልኩ። ላድርገው?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከጽንሱ በፊት እርስዎና ባለቤትዎ የክሮሞዞም ምርመራ አድርጋችኋል? ውርጃ ከሚደጋገምባቸው ጥንዶች ከ100 ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ከአንዳቸው የክሮሞዞም ቁራጭ ቦታ ተቀያይሮ ይገኛል። ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ጽንሱ ግን ጎደሎ ወይም ትርፍ ይዞ ይፀነሳል። ይህ ከተገኘ የምርመራው ዓይነት ራሱ ይለወጣል።

ለዚህ ምርመራ ደሙ የሚቀዳው ሄፓሪን ባለበት፣ አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ላብራቶሪው ሕዋሱን አሳድጎ ነው ክሮሞዞሙን የሚያየው፤ ስለዚህ ሕያው መሆን አለበት። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ ለዲኤንኤ ሥራ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከቀዘቀዘ በረዶ ጋር የተነካካ ወይም ቀናት መንገድ ላይ የቆየ ደም «አላደገም» ተብሎ ይመለሳል። ከመቀዳትዎ በፊት የክዳኑን ቀለም ይመልከቱ፣ ከሐሙስ በኋላም አይስጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ደሙን መንገድ ላይ ያስቀሩታል። የታይሮይድ፣ የደም መርጋት እና የማህፀን ቅርጽ ምርመራም ካልተሠራ ከዚህ ይቀድማል።

የጽንሶቹን ክሮሞዞም ስለመቁጠር፣ ማለትም ፒጂቲ-ኤ ስለሚባለው፣ ማስታወቂያው ከማስረጃው ይበልጣል ባዮች ነን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ቻይና ውስጥ በ1,212 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ጽንሳቸው ከተመረመረላቸው 77.2 በመቶ፣ ካልተመረመረላቸው ደግሞ 81.8 በመቶ ወለዱ። ሆኖም እነዚያ ከ20 እስከ 37 ዓመት የሆኑ እና ቢያንስ ሦስት ጥሩ ጽንስ ያገኙ ሴቶች ነበሩ። በ38 ዓመት ከጽንሶቹ ግማሽ ገደማው የክሮሞዞም ችግር ይኖርበታል፤ ምርመራው የእንቁላሉን ጥራት አያሻሽልም፣ ያሉትን ይለያል እንጂ። ጥቅሙ ሌላ ውርጃና የባከኑ ወራትን መቀነስ ነው። የሚያገኙት አንድ ወይም ሁለት ጽንስ ብቻ ከሆነ ሳይመረመር መመለሱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ በእርስዎ ታሪክ ቢመረመር አንቃወምም።

ናሙናው ውጭ ሲላክ ጽንሱ አይሄድም፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ እዚሁ ይቆያል። የሚሄደው ከእያንዳንዱ የተወሰዱት ሕዋሶች ያሉባት ትንሽ ቱቦ ናት። ስለዚህ የሚያስፈራው ብርዱ ሳይሆን ስሙ ነው፦ ቱቦዋ ላይ ሲጻፍ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ያረጋግጣል ወይ? ብለው ይጠይቁ። ውጤቱ «ሞዛይክ» ሲባል፣ ማለትም ጤነኛና ችግር ያለበት ሕዋስ ተቀላቅሎ ሲገኝ፣ ማዕከሉ ምን እንደሚያደርግም ገና ሳይጀምሩ ይወቁ። አንዳንዱ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ሌላ ሲጠፋ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። ታዲያ ሁለታችንም የአንድ በሽታ ተሸካሚ እንዴት ሆንን?
ከነታንያ፣ እስራኤል

መልስ፦ ቆጠራው ይጠቅማል፤ ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ ብርቅ ጉድለት በሁለታችሁም በኩል እንዳይገናኝ ያደርጋል። ተሸካሚው በየሰፈሩ ከሚገኝ በሽታ ግን አይጠብቅም። ኤስኤምኤ የተባለውን በሽታ ብንወስድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከ40 እስከ 60 ሰው አንዱ ተሸካሚ ነው፤ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ መጠኑ ዝቅ ይላል። ይሁንና ለቀደመችው ጠያቂ የነገርናት ድርብ ቅጂ በእነዚህ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ የተለመደው የቅጂ ቆጠራ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ተሸካሚዎች የሚይዘው ከ10 7ቱን ገደማ ብቻ ነው። እርስዎ ባሉበት አገር አይቪኤፍ እስከ ሁለት ልጅ፣ በራሷ እንቁላል ለምትሞክር ሴት እስከ 45 ዓመት ይሸፈናል። ከቀጠሮው በፊት ከጤና መድን ድርጅትዎ፣ ከኩፓት ሆሊም፣ የክፍያ ማረጋገጫውን ያውጡ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሴት ልጆች አሉን። ለአይቪኤፍ ህንድ ልንሄድ ነው፤ በዚያው ወንዱን መርጠው ይመልሱልናል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይመልሱም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የወጣው የህንድ ሕግ የጽንስ ጾታ መናገርን ይከለክላል፤ በ2003 ሲሻሻል ከመፀነስ በፊት መምረጥንም ጨመረ። ቅጣቱ እስራት ነው። ለብቻው የሚታየው በጾታ ተያይዞ የሚወርድ በሽታ ካለ ነው። የክሮሞዞም ውጤት ቢሰጣችሁም የጾታው መስመር ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፤ «በገንዘብ ይነግሩሃል» የሚል ደላላ ካገኛችሁ የሚዘርፋችሁ ሰው አግኝታችኋል። እንግሊዝም ያለ በሽታ ምክንያት አይፈቅድም። በአሜሪካ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም፣ እያንዳንዱ ክሊኒክ ግን የራሱ ደንብ አለው።

ለሌላ ምክንያት ህንድ የምትሄዱ ከሆነ በ2021 የወጣውን የዕድሜ ገደብ አስቀድማችሁ እዩ፤ ሴቷ ከ21 በላይና ከ50 በታች፣ ወንዱ ከ21 በላይና ከ55 በታች መሆን አለባቸው። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁን በእንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ፣ በላዩ ላይ ያሉት ስሞች ከፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል መግጠማቸውን አረጋግጣችሁ ያዙ።